የደምሰው ክርን

በእኛ ከተማ የማዕድ ቤት ገንዳ እንደ ሰው ስም ነው፤ ባለቤቱ ራሱ አያወጣውም። ሌሎች ተሰብስበው ያወጡለትና ዕድሜውን ሙሉ ከእሱ ጋር ይኖራል። ይህን የምናገረው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ገንዳ በሚለካው መሥሪያ ቤት፣ በልክ ቤት፣ የገመድ ያዥነት ሥራ ነበረኝ። የልክ ሹሙ አቶ ማንያዘዋል የመለኪያውን ገመድ አንድ ጫፍ ሲይዙ ሌላውን ጫፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ገመዱ ቋጠሮ ቋጠሮ አለው። ቋጠሮውን አይቶ ጮክ ብሎ መናገር የእኔ ፋንታ ነው፤ ትክክል ነው ማለት የእሳቸው።

ሕጉ አጭር ነው። የገንዳው ስፋትና ጥልቀት ቤቱ ካለው ትልቅ ድስት ይወሰዳል፤ ከፍታው ከቤቱ ወንድ ክርን ይወሰዳል። ስለ ድስቱ የሚሰጠው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ድስቱ የማይገባበት ገንዳ ገንዳ አይባልም። ስለ ክርኑ ብዙ ሰው ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ግን፣ ሕጉ በወጣበት ስብሰባ ላይ የተገኙት ክርኖች የወንድ ብቻ ነበሩ የሚል ነው። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል እቃ አጥቦ የሚያውቅ አልነበረም። ይህም ጉዳዩን ያለ አድልዎ ለማየት ረድቷቸዋል ይባላል።

ስለዚህ ያን ጊዜ የከተማችን ሴቶች እቃ የሚያጥቡት መቆሚያ ላይ ወጥተው ነበር። መቆሚያ ሁለት እግር ብቻ የሚያስቆም የእንጨት በርጩማ ነው። የመቆሚያ ሠሪዎች ማኅበር በከተማው ከሁሉ የተከበረ ማኅበር ሲሆን፣ ሙሽራ መቆሚያዋን ሳትይዝ ከአባቷ ቤት አትወጣም ነበር።

ወደ ድስቱ ልመለስ። ትንሽ ድስት ያለው ቤት እንግዳ የማይመጣበት ቤት ስለሚባል፣ ማንም ትንሽ ድስት ለሹም ማሳየት አይፈልግም። በከተማው በእውነት ትልቅ የሚባለው ድስት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአቶ ማንያዘዋል አክስት የወይዘሮ እልፍነሽ ነው። ከመውደቅ የተነሣ ጎኑ ላይ የሰው ጆሮ የመሰለ ጎድጓዳ አለው። በልክ ቀን እኛ በፊት ለፊት በር ስንገባ ድስቱ በጓሮ በር ይገባል። አቶ ማንያዘዋል በልጅነታቸው ከዚያው ድስት እየተጨለፈላቸው ነው ያደጉት። ሆኖም በየቤቱ እንደ አዲስ ዞር ዞር ብለው ያዩትና፣ “ጎኑ ላይ ጆሮ የመሰለ ጎድጓዳ አለው” ብለው ይናገራሉ። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ቤት እንዲሁ ይላሉ። ሰዎችም የድስቶቻቸው ጎድጓዳ የሚመሳሰለው የአንድ ሠሪ የእጅ ሥራ ስለሆኑ ነው ይላሉ።

በዚህ የተነሣ በከተማው ያለው ገንዳ ሁሉ ለአንድ ድስት የተሠራ ነው። ሁለት ስኒ ለማጠብ ለሳምንት ልብስ የሚበቃ ውሃ ይፈልጋል። ገንዳው ማዕድ ቤቱን ስለሚሞላው ሽንኩርት የሚከተፈው መኝታ ቤት ነው። አንዳንዱ ቤት ገንዳው ውስጥ ማገዶ ያስቀምጥበታል፤ አንድ ቤት ዶሮ ስትታቀፍበት አይቻለሁ። የለካነው እኛ ስለሆንን በትክክል መለካቱን እመሰክራለሁ።

ስለ መመስከር ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በልክ ጉዳይ የሚመሰክር ሰው እጁን በገዛ ቤቱ ድስት ላይ ጭኖ ነው የሚናገረው። ድስቱ የገንዳው ልክ ነው፤ ገንዳው የቤቱ ልክ ነው፤ ስለዚህ በድስቱ ላይ የሚዋሽ ቤቱን ያፈርሳል ተብሎ ይታመናል። ሥርዓቱ የተከበረ ነው። እስከምነግራችሁ ቀን ድረስ እኔ በሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን አንድም ሰው ሊመሰክር ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

የሻረግ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። ባሏ ደምሰው በከተማው ረጅሙ ሰው ነበር። ቤቱ ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ የረሳ ቀን ግንባሩ ከበሩ ጉበን ጋር ይጋጫል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ድምፁን እኛም እንሰማው ነበር፤ ቀጥሎ የእሷ ሳቅ ይሰማል። የጉበኑ እንጨት መሐሉ ላይ ለስልሶ ወዝ ያለው ሆኖ ነበር። ገንዳቸው የተሠራው በእሱ ክርን ነውና የየሻረግ መቆሚያ እንደ ሌሎቹ አንድ ወለል ብቻ ሳይሆን መወጣጫ ጭምር ነበረው። የሠሩላት የደምሰው ታላቅ ወንድም አቶ ገላጋይ ናቸው። የመቆሚያ ሠሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ስለሆኑ የወንድማቸው ሚስት መቆሚያ ከሁሉ ከፍ ማለቱን እንደ ክብር ያወሩት ነበር።

ደምሰው ሳንባውን ታሞ ሞተ። እሱ በሞተ በሁለተኛው ክረምት የሻረግ እርጥብ መቆሚያ አዳለጣትና ወድቃ ዳሌዋን ተሰበረች። ወጌሻው ጥሩ አድርጎ ስላሰረላት እንደገና መራመድ ቻለች፤ እግሯን አንሥታ ከፍ ያለ ነገር ላይ መውጣት ግን አልሆነላትም። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ ደብሪቱ በየማታው እየሄደች ታጥብላት ነበር። መሬት ላይ በሳፋ እንዳታጥብ፣ ከገንዳ ውጭ የታጠበ እቃ በከተማችን እንዳልታጠበ ይቆጠራል።

እንዲህ ሆነው ሳሉ ገንዳው ተሰነጠቀ። ውሃው ግድግዳውን ማራስ ሲጀምር አዲስ ገንዳ ግድ ሆነ። አዲስ ገንዳ ሲሠራ ደግሞ የቤቱ ሴት በሰው ፊት የመጀመሪያውን እቃ በራሷ እጅ ታጥብበታለች። ማጠብ ካልቻለች ማዕድ ቤቱ ይዘጋል፤ እሷም ወደ ቅርብ ዘመድ ቤት ትዛወራለች። የየሻረግ ቅርብ ዘመድ አቶ ገላጋይ ነበሩ።

እሳቸውም ቀድመው ተዘጋጅተው ነበር። አንድ ከሰዓት መጥተው በደግነት አነጋገሯት። የምትተኛበትን ክፍል እንዳስጠረጉላት፣ ክፍሉ ከእቃ ቤቱ ጎን ስለሆነ ሙቀት እንዳለው፣ ሚስታቸውም ጉልበቷን ስለሚያማት አጋዥ በማግኘቷ ደስ እንዳላት ነገሯት። እየተናገሩ ሳሉ የቤቷን ግድግዳ በዓይናቸው ከዳር እስከ ዳር ይለኩ ነበር። ለሳንቃ ማከማቻ ይስማማል ብለው ለማኅበሩ ሰዎች መናገራቸውን ኋላ ሰምተናል።

“እዚህ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?” አሏት።

“እኖራለኋ፣ ጋሼ” አለቻቸው።

የሻረግ ስለ ገንዳ ከማንም በላይ አስባ ነበር። ደብሪቱ እንደነገረችኝ፣ ገንዳው በተሰነጠቀ ሰሞን ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋች፤ ላዩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደረች፤ ድንጋዩ ላይ ሳፋ አስቀምጣ ውሃ ሞላችና እንደሚቆጠርም እንደማይቆጠርም ሳትጨነቅ እቃ ማጠብ ጀመረች። ወገቧን ሲያማት አንድ ድንጋይ ትጨምራለች፤ ትከሻዋን ሲያማት አንድ ድንጋይ ታነሣለች። እንዲህ ስትጨምርና ስትቀንስ ቆይታ ወገቧም ትከሻዋም ዝም ያሉበትን ከፍታ አገኘችው። ክርኗን አጥፋ ስትቆም፣ ከክርኗ ትንሽ ዝቅ የሚል ነበር።

ጥልቀቱንም እንዲሁ ሞከረችው። ውሃው የተጠቀለለ እጅጌዋን ከነካ ሳፋው ጠልቋል፤ ስታለቀልቅ ሆዷ ላይ ከተረጨ ጎድሏል። ስፋቱን ስትፈልግ ካላት እቃ ሁሉ የሚያስቸግራት ድስቱ ሳይሆን ትሪው እንደሆነ አየች፤ ትሪ ካልተጋደመ በደንብ አይታጠብም። አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ የሚሆን ባለ ሁለት ጉድጓድ ገንዳም አስባ ነበር። በጠባብ ማዕድ ቤት ግን ሁለት ጉድጓድ ማለት ትሪ የማይጋደምባቸው ሁለት ቦታዎች ማለት ነው ብላ ተወችው። የታጠበ እቃ የሚደረደርበት ዘቅዘቅ ያለው ጠርዝ በግራ እንዲሆን ፈለገች፤ መስኮቱ በግራ ስለሆነ ፀሐይ ያደርቅላታል። ሕጉ ስለ ጠርዙ የሚለው ነገር የለም። ሆኖም በከተማው ሁሉ በቀኝ ነው፤ የጠየቀ ስላልነበረ።

ይህን ሁሉ ካወቀች በኋላ ወደ ልክ ቤት መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ። “የማጥበው እኔ ነኝና የእኔን ክርን ይለኩልኝ” ብላ አቶ ማንያዘዋልን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አዘኑላት፤ ማዘናቸው ከፊታቸው ይታይ ነበር።

“የሴት ክርን የሚለካበት ገመድ የለንም፣ ወይዘሮ የሻረግ” አሉ።

ገመዱ እጄ ላይ ነበር።

ባል ከሌለስ ብላ ጠየቀች። ሹሙም ባል እንዳላት፣ ሞቷል እንጂ የለም እንደማይባል አስረዷት። የሞተ ባል ክርን ከልብሱ ይወሰዳል። ልብሱ ልክ የሚሆነው ሰው ይለብሰዋል፤ ክርኑ ከለበሰው ሰው ላይ ይለካል። የሻረግ ጥቂት አሰበች።

“ልክ የሚሆነው ማን እንደሆነ ማን ነው የሚወስነው?”

“ልብሱ ነዋ” አሉ አቶ ማንያዘዋል።

አመስግናቸው ሄደች።

ደምሰው አንድ ግራጫ የሱፍ ኮት ነበረው። ወደ ቤት ሲገባ ከበሩ ጎን በመታው ምስማር ላይ ይሰቅለዋል፤ ምስማሩን የመታው በራሱ ቁመት ስለነበር የሻረግ እጇን ዘርግታም አትደርስበትም። ከሞተ ጀምሮ ኮቱ እዚያው ተሰቅሎ ነበር። ደብሪቱ መቆሚያው ላይ ወጥታ አወረደችላት፤ በቀትር በሩን ዘግተው ተቀመጡ። የሻረግ ስፌቱን በምላጭ ፈታችው። መቀሱን ካነሣች በኋላ ግን አንገትጌውን በሌላ እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ደብሪቱ አላስችል ብሏት፣ እትዬ የሻረግ ለምን ከገበያ ሌላ ኮት አንፈልግም ብላ ጠየቀቻት።

“ሌላ ኮት የእሱ አይሆንም” አለች የሻረግ። “ድስት ላይ እጄን ጭኜ የእሱ ነው ማለት አለብኝ። አንድ ውሸት ይበቃኛል፤ ሁለት አልችልም።”

ኮቱን በራሷ ልክ መልሳ ስትሰፋው ከእጅጌውና ከታች የቆረጠችውን ጨርቅ አልጣለችውም። የጋለ ድስት ማውረጃ አድርጋ ሰፋችው።

የልክ ቀን ደረሰ። ሰው ሁሉ ግቢዋ ውስጥ ተሰበሰበ፤ የሞተ ሰው መለካት ከሠርግ ያላነሰ ሰው ይሰበስባል። በጓሮ በር በኩል የወይዘሮ እልፍነሽን ድስት ተሸክመው የመጡ ሴቶች በሩን ተቆልፎ አገኙት። የሻረግ በመስኮት ብቅ ብላ፣ ስለ ድካማቸው አመስግና፣ ለዛሬ እንደማያስፈልጋት ነገረቻቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ድስቱን ወደሚቀጥለው ተለኪ ቤት ይዘውት ሄዱ። ያ ቤት ከከተማው ሌላ ዳር ነበር።

ስለዚህ የሻረግ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው የራሷን ድስት ነው። ለሁለት ሰው የሚበቃ፣ ለሦስት የሚብቃቃ ድስት ነው። አቶ ማንያዘዋል ድስቱን አንሥተው በአንድ በኩል አዩት፤ አዙረው በሌላው አዩት፤ ገልብጠው ሥሩን አዩት።

“ጎድጓዳው የታለ?” አሉ።

“የእኔ ድስት ወድቆ አያውቅም” አለች።

ከኋላ አንዲት ሴት ሳል የመሰለ ድምፅ አሰማች። ሹሙ ትንሽ ድስት የሚከለክል ሕግ እንዳለ ለማስታወስ ሰማይ ሰማይ አዩ፤ አላገኙም። ለካነው። ትሪው ከድስቱ እንደሚሰፋ የሻረግ አስረዳች፤ ሹሙም ሕጉ ድስት ያለው ትሪን ለመከልከል እንዳልሆነ ተረጎሙና ትሪውንም ለካነው።

ቀጥሎ ኮቱ ወጣ። በሕጉ መሠረት ወንዶቹ በተራ እየለበሱ ሞከሩት። የመጀመሪያው ትከሻው አልገባለትም። ሁለተኛው ገባለት፤ እጅጌው ግን ከአንጓው ብዙ ርቆ ቀረ። አንዱ ወፍራም ሰው አንድ እጁን ካስገባ በኋላ ማውጣት አቅቶት ሁለት ሰው ጎተተው። አቶ ገላጋይ የደምሰው ወንድም ነኝና ለእኔ ልክ መሆኑ አይቀርም ብለው ተራቸውን ሳይጠብቁ ለበሱት። እጅጌው ከክርናቸው ጥቂት አልፎ ቆመ። በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት የልጅ ልብስ እንደለበሰ ሽማግሌ ቆመው እጃቸውን አገላብጠው አዩ።

“ይሄ ኮት ጠቧል!” አሉ።

አቶ ማንያዘዋል ተሰቅሎ የቆየ ኮት በራሱ ጊዜ ይጠብ እንደሆነ ጠየቁ። አንድ ልብስ ሰፊ ሱፍ በውሃ እንጂ በመሰቀል እንደማይጠብ መለሰ። አንዲት አሮጊት ሐዘን ልብስ ሲያጠብብ አይቻለሁ አሉ፤ ይህም ተመዘገበ። ከወንዶቹ የቀረ በሌለ ጊዜ ሹሙ ዙሪያቸውን ተመለከቱ።

“ሕጉ የሚለው ሰው ነው” አሉ። “ወንድ አይልም። የቀረ ሰው አለ?”

የሻረግ ተነሥታ ኮቱን ለበሰችው። ትከሻው ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ፤ እጅጌው አንጓዋ ላይ ቆመ። ቁልፉን ቆለፈችው። እኔ የገመዱን ጫፍ መሬት ላይ ረገጥኩ፤ ሹሙ ወደ ላይ ሳቡት። ክርኗ ላይ ሲደርስ ቋጠሮውን ለማየት ጎንበስ አልኩ። የእጅጌው ክር ከኮቱ ክር በቀለም ትንሽ ይለያል። ቋጠሮውን ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

“ትክክል ነው” አሉ አቶ ማንያዘዋል።

በዚህ ጊዜ አቶ ገላጋይ ወደ መሐል ወጡ። በዚያ ከፍታ የተሠራ ገንዳ መቆሚያ እንደማያስፈልገው ከሁሉ ቀድሞ የገባቸው እሳቸው ነበሩ። ወንድማቸው በከተማው ረጅሙ ሰው እንደነበር፣ በዚያ በሚታየው በር ጎንበስ ሳይል ገብቶ እንደማያውቅ፣ አስከሬኑ የተኛበት ሳንቃ እንኳ በእሳቸው እጅ እንደተቀጠለ ተናገሩ። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። ሕዝቡም ያውቀው ስለነበር ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

አቶ ማንያዘዋል በጥሞና አዳመጧቸው።

“ይህ ምስክርነት ነው፤ ጥሩ ምስክርነት ነው” አሉ። “ድስትዎን ያስመጡና እጅዎን ጭነው ይድገሙልን።”

አቶ ገላጋይ ወደ ጓሮው በር ተመለከቱ። የገንዳቸው ልክ የተወሰደበት ድስት በዚያች ሰዓት የት እንዳለ ግቢው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሚስታቸው ከኋላቸው የኮታቸውን ጫፍ ይዘው ወደ ታች ሳቧቸው።

“ድስቴ እሳት ላይ ነው” አሉ በመጨረሻ።

“እንጠብቃለን” አሉ ሹሙ።

“የሚበስለው አጥንት ነው። ይቆያል።”

“አጥንት ይቆያል” ብለው ሹሙ ተስማሙ። ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞረው ደምሰው ረጅም ነበር ብሎ በድስቱ ላይ የሚመሰክር ሌላ ሰው እንዳለ ጠየቁ። የሁሉም ድስት እሳት ላይ ነበር። አንዱ ባቄላ፣ አንዱ ጎመን፣ አንዱ ምን እንደጣደ እስከሚረሳ ድረስ ቸኩሎ ነበር። ከግቢው ሆኖ የከተማው ጣሪያ ሁሉ ይታያል። ከአንዱም ጭስ አይወጣም ነበር።

ድስቱ አጠገቡ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነበር። አቶ ማንያዘዋል የሻረግን ጠሯት። ኮቱን እንደለበሰች መጥታ እጇን በትንሿ ድስት ላይ ጫነች።

“ይህ የባልሽ የደምሰው ኮት ነው?”

“የእሱ ነው።”

“እንግዲህ ደምሰው በቁመት ካንቺ አይበልጥም ነበር ማለት ነው?”

የሻረግ ወደ በሩ ተመለከተች። በሩ ክፍት ነበር፤ ጉበኑ ላይ የለሰለሰው ቦታ ፀሐይ አርፎበት ያብረቀርቃል። ደብሪቱ ከሴቶቹ መሐል ሆና መሬቱን ታያለች። እኔ ገመዱን መጠቅለል ጀምሬ ነበር፤ አቆምኩ።

“አይበልጥም ነበር” አለች።

“ይሰማ” አሉ አቶ ማንያዘዋል። “ደምሰው አጭር ሰው ነበር።”

ሕዝቡ ተበተነ። እኔና ሹሙ የማዕድ ቤቱን ግድግዳ ለማየት ወደ ውስጥ ገብተን ነበርና ስንወጣ እሳቸው ከደፉ ላይ ቆሙ። ቀና ብለው ጉበኑን አዩት። መዳፋቸውን በአየር ላይ፣ ከራሳቸው በላይ፣ የአንድ ረጅም ሰው ራስ የሚደርስበትን ያህል ከፍ አድርገው ያዙ፤ ከዚያ እጃቸውን አወረዱና፣ ለነገው ቤት ገመዱን እርጥበት እንዳይነካው አስጠንቅቀውኝ ሄዱ። እሳቸው አጭር ሰው ናቸው፤ ሆኖም በዚያ በር የወጡት ጎንበስ ብለው ነው።

ግንበኛው ገንዳውን በሲሚንቶ ሠራው። አንድ ጉድጓድ አለው፤ ትሪ ይጋደምበታል፤ ውሃው እጅጌ አይነካም፤ ጠርዙ በግራ ነው። ግንበኛው በግራ መሥራት እንደማይቻል ተናግሮ ነበር፤ ከሠራው በኋላ ግን እንደሚቻል አወቀ። የመጀመሪያው እቃ በሚታጠብበት ቀን ሰው እንደገና መጣ። የሻረግ መሬት ላይ በሁለት እግሯ ቆማ ትሪዋን አጠበች፤ አለቀለቀች፤ በግራዋ አስደግፋ አቆመችው። እጇን አደረቀችና ለመጡት ሁሉ ስለመጡ አመሰገነች። አቶ ገላጋይ አልመጡም፤ ለእሷ የተጠረገው ክፍል ውስጥ ሳንቃ ሲያስገቡ ዋሉ አሉ።

ሕጉ አልተለወጠም። ዛሬም ከፍታው ከቤቱ ወንድ ክርን ይወሰዳል። ብቻ ከዚያ ወዲህ የልክ ቀን ሲደርስ የብዙ ቤት ወንድ በሥራ ምክንያት ሳይገኝ ይቀራል፤ ያልተገኘ ወንድ ክርን ደግሞ እንደ ሞተ ወንድ ክርን ከልብሱ ይወሰዳል ተብሎ ተተርጉሟል። ልብሱም በጓሮ በር ይገባል። ግራጫ የሱፍ ኮት ነው፤ ሴቶቻችን ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ለአብዛኞቹ ልክ ይሆናል። አቶ ማንያዘዋል በየቤቱ እንደ አዲስ ያዩትና፣ “የእጅጌው ክር በቀለም ትንሽ ይለያል” ይላሉ። ሰዎችም ኮቶቻቸው የሚመሳሰሉት የአንድ ልብስ ሰፊ የእጅ ሥራ ስለሆኑ ነው ይላሉ። በአቶ ገላጋይ ቤት ልክ ስንወስድ አቶ ገላጋይ በሥራ ምክንያት አልተገኙም ነበር፤ በሚቀጥለው ክፍል ሲያስሉ ይሰማ ነበር።

እሳቸውም ዛሬ ስለ ቁመታቸው ለሚጠይቅ ሰው ወንድማቸው በአባታቸው ወገን እንደወጣ፣ እሳቸው ግን በእናታቸው ወገን እንደወጡ ያስረዳሉ። ማኅበራቸው የአበባ ማስቀመጫ ይሠራል፤ ከድሮው መቆሚያ የሚለየው አበባ የሚቀመጥበት በመሆኑ ነው።

የየሻረግ ወገብ ደኅና ነው። ደብሪቱ ማታ ማታ ስትሄድ ለማጠብ ሳይሆን ለመቀመጥ ነው። ስለ ደምሰው ሲያወሩ ግድግዳው ቢሳሳም አይሰማም፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ባለፈው ሳምንት ቧንቧውን ላይላት ሄጄ ሳለ አንዲት አዲስ ሙሽራ ኮቱን ልትመልስ መጣች። አለምዘውድ ትባላለች፤ ከደምሰው ሞት በኋላ ወደ ከተማችን የገባች ልጅ ናት። ገንዳዋ በደንብ እንደተለካላት እየነገረች ኮቱን የት እንደምታስቀምጠው ስትፈልግ ቀና ብላ ምስማሩን አየችው።

“እትዬ የሻረግ፣ ያን ምስማር እዚያ ላይ ማን መታው? ማንስ ይደርስበታል?”

የሻረግ ድስቷን በግራጫው ጨርቅ ይዛ እያወረደች ነበር።

“ባለቤቴ ነው የመታው” አለች። “ሲገባ ኮቱን ይሰቅልበት ነበር።”

ልጅቷ ሳቀች። ሰዎች እትዬ የሻረግ ተጫዋች ሴት ናቸው ብለው ነግረዋት ነበር፤ ደምሰው አጭር ሰው እንደነበረም ነግረዋታል። የሻረግም ድስቱን አስቀምጣ ፈገግ አለችላት፤ ኮቱን ተቀበለቻትና አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።